የፊት ጎማው ሌሊት ተንፍሶ ነበር

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቦዲ ቤት ነው የምሠራው። ማታ ማታና እሁድ ደግሞ ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ የሚሠሯትን ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን አግዛለሁ። ጋሼ የድሮ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከገባ ወዲህ ይህች ከተማ ብረት የሚገባው እጅ አጥታ አታውቅም።

የዚያን ሳምንት ሥራችን ጅራቷ ላይ የሚተኛውን ትንሽ ክንፍ፣ ስታቢላይዘሩን፣ በትክክለኛው አንግል ማሰር ነበር። ንድፉ ዋናው ክንፍ 2 ዲግሪ ቀና እንዲል፣ ስታቢላይዘሩ 0 እንዲሆን ያዛል። ቅዳሜ ማታ ቦዲዋን በውሃ ልክ አስተካክለን ክንፉን ለካን። ልክ 2። ደስ ብሎን ተለያየን።

እሁድ ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ አልጠበቅኩም። ሙቀቱ ሳይበረታ ልጨርስ ብዬ ዲጂታል ውሃ ልኩን ስታቢላይዘሩ ላይ አስቀመጥኩ። 0 ሲልልኝ እሱን የሚይዙትን ብራኬቶች በትራፓኖ በሳሁ። አራት ቀዳዳ።

ጋሼ ሲመጡ ጅራቷን አላዩም። ቀጥ ብለው ሄደው የፊት ጎማውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ሌሊት ተንፍሷል። «እስቲ ውሃ ልኩን ቦዲዋ ላይ አድርገው» አሉኝ። 1 ዲግሪ ወደ አፍንጫዋ አዘንብላለች።

«ጋሼ፣ አንድ ዲግሪ ምን ታመጣለች?»

«አቦ ተው!» ብለው ወረቀት አወጡና ሣሉልኝ። ውሃ ልክ የሚያውቀው ምድርን ነው፣ ክንፉን አያውቅም። ከምድር ጋር 0 ያደረግኩት ስታቢላይዘር ከቦዲዋ ጋር ሲታይ 1 ዲግሪ ቀና ብሏል። አየር ላይ ጅራቷን ወደ ላይ ይገፋል፣ አፍንጫዋ ይደፋል፣ አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ እንደሳበ ይውላል። በፊትና በኋላ ቡሎኖቹ መካከል 40 ሳንቲሜትር አለ፤ ስህተቴ ፊት ላይ 7 ሚሊሜትር ነው። ይህን ቡሎን ሥር ሮንዴላ ቆልለው አያልፉትም። ሁለተኛው ወንበር ያንተ ነው ብለውኝ ስለነበር ሆዴ ተላወሰ።

አዲስ ብራኬት ቆረጥኩ። ቦዲዋን ከጎማዎቿ አንስተን ካቫሌቶ ላይ አስቀመጥናት። ውሃ ልኩን መጀመሪያ በክንፉ ቅርጽ በተቆረጠ ጣውላ ክንፉ ላይ አድርገን እዚያው ዜሮ አልነው። ከዚያ ወደ ጅራቱ ወሰድነው። እንዲህ ሲሆን የምናነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ግራ 2። ቀኝ 2። ጋሼ ጎንበስ ብለው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ትራፓኖውን ራሳቸው አቀበሉኝ።