ጡንቻ እስኪከዳ?
ዛሬ ደብረ ብርሃን ጂም ውስጥ «አንድ ጨምር! አንድ!» ሲባል ነው የዋለው። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እና ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ ግን ገና 2 ድግግሞሽ መጨመር እየቻልክ ማቆም ይሻላል። የመጀመሪያውን ዙር እስኪያቅተው 10 የገፋ ሰው ቀጣዩ ላይ 7 ወይም 6 ነው የሚያነሳው፤ የቀኑ ጠቅላላ ሥራ ይቀንሳል። ምልክቱን ከብረቱ እይ፦ እየገፋኸው በራሱ ከዘገየ 1 ወይም 2 ቀርቶሃል። ስኳት ላይ ወገብህ ከጎበጠማ ማቆሚያው አልፏል። እስከ መጨረሻው መግፋት ካማረህ ለባይሰፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ) የመጨረሻ ዙር አቆየው፤ ቢያቅትህ ዳምቤሉን (በአንድ እጅ የሚያዘውን ክብደት) ማውረድ ነው። ቤንች ብቻህን ከሆንክ የብረቱን ዳር መቆለፊያ አትዝጋ፤ ደረትህ ላይ ከቀረ አጋድለህ ክብደቱን ታራግፋለህ (ጩኸቱን ቻለው)። ደግሞ እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ነን፤ ስኳት ላይ ከእግር ቀድሞ ትንፋሽ ያልቃል። እሱ የጡንቻ መዛል አይደለም፣ 3 ደቂቃ አርፈህ ተመለስ።