ቤዙ የት ሄደ?

ጎንደር ውስጥ የድምፅ ዕቃ መግጠም ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አብዛኛው ሥራዬ የሠርግ ድንኳንና የአዳራሽ ስፒከር ነው። ሆም ቲያትር የሚያስገጥም ደንበኛ በዓመት አራት አምስት ካገኘሁ ብዙ ነው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ደውሎ «15 ኢንች ሳብውፈር አስመጥቻለሁ፤ መጥተህ ግጠምልኝ» ሲለኝ ነገ እስኪሆን ቸኮልኩ። ሳብውፈር ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ነው።

ቤቱ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ ነው፤ በረንዳው ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የፋሲልን ግንብ ያያል። ደንበኛዬ ከአያቱ በወረሰው ቦታ ላይ በብሎኬት ሠርቶ ሳሎኑን ለፊልም ብሎ አሰናድቶታል። ርዝመቱ 5 ሜትር ነው፤ ወርዱ ከ4 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ያለው የኋላ ግድግዳ ከጎረቤት ጭቃ ቤት ጋር ተጣብቋል። ይህን የመጀመሪያ ቀን አይቼዋለሁ፤ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ሳብውፈሩን ለሁለት ተሸክመን አስገባነው። 1,000 ዋት ነው፤ የራሱ አምፕሊፋየር አብሮት አለ። ሶኬት ያለው የኋላው ማዕዘን ላይ ስለነበር እዚያው አስቀመጥኩት፤ ማዕዘን ቤዝ እንደሚጨምር ከአዳራሽ ሥራ አውቃለሁ። አምስቱን ስፒከሮች በየቦታቸው አደረግኩ፤ 5.1 ሲባል ነጥብ አንዱ ለዚህ ለወፍራሙ ድምፅ የተለየው መስመር ነው። መለያውን 80 ኸርዝ ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሳብውፈሩ ይሄዳል። ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው፤ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል። ከዚያ ፍንዳታ ያለበት ፊልም ከፈትን።

ደንበኛዬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሶፋው የክፍሉ መሀል ላይ ነው።

«ቤዙ የት ሄደ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሄጄ አጠገቡ ስቀመጥ የሚሰማው የደከመ ነገር ነው። ፌዙን፣ ማለትም የሳብውፈሩን ሞገድ ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር የሚያገጥመውን ማስተካከያ፣ ወደ 180 ዲግሪ ገለበጥኩት፤ ለውጥ የለም። ጌኑን፣ ማለትም የሳብውፈሩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ፣ ጨመርኩ። አሁንም ትንሽ። ደግሜ ጨመርኩ፤ ቁልፉ ሦስት አራተኛውን ሲያልፍ ኮርኒሱ መንቀጥቀጥ ጀመረና ደንበኛዬ ሳቀ። «አሁን ገና መጣ!» አለ። ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለልኝ። ጎረቤቱ ያሉት እናት ቤቴ ሊፈርስ ነው ብለው መጥተዋል። ስፖንጅ ለጥፍበት አልኩት፤ ያኔ የማውቀው መላ እሱ ነበር። በማግስቱ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ገዝተን የኋላውን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈንነው። ሳሎኑ ውስጥ ስናወራ ድምፃችን ለስለስ አለ። እኔም ተሳካ አልኩ። በዚያው ማታ እኚያ እናት ተመልሰው መጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ባለሙያ ዛሬም እንደ እኔ ይሳሳታል። ስፖንጅም ሆነ የእንቁላል ካርቶን ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያበርዳል እንጂ ቤዝን አያቆምም። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 34 ኸርዝ ያለው ቤዝ የአንዱ ሞገዱ ርዝመት 10 ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ድምፅ በስፖንጅ ለመያዝ የሞገዱን ሩብ ያህል፣ 2.5 ሜትር የሚሆን ውፍረት ያስፈልጋል። የሳሎኑ ግማሽ ነው እኮ! እኔ የለጠፍኩት 5 ሴንቲ ሜትር ነው።

በበነጋው እማማ ቤት ገባሁ። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር። ልጃቸው አራስ ናት፤ ሕፃኑ ገና ለክርስትና አልደረሰም። ቤቱ ቅቤና ገንፎ ይሸታል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ወንበር ሰጡኝ።

«ልጄ፣ እኔ ድምፁን አልሰማውም» አሉኝ። «ሰምቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፊልም ነው ብዬ እተወዋለሁ። ይሄ ደረቴ ላይ ነው የሚመጣው። ሕፃኑም ድንገት ብርግግ ይላል።»

ለደንበኛዬ ደውዬ ያንን ፊልም እንዲከፍት ነገርኩት። ረከቦታቸው ግድግዳው ሥር ነው፤ ሲኒዎቹ ተደፍተው ተደርድረዋል። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ እንደ ጥርስ መንቀጫቀጭ ያለ ድምፅ መጣ፤ ሲኒዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። ዳር ላይ ያለችው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ጠርዙ ስትሄድ አየኋት። ከላይ ደግሞ ከምርጊቱ ጭድ የያዘ ደረቅ አፈር እየረገፈ የረከቦቱ ጨርቅ ላይ ይወርዳል። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ግድግዳው ይመታል፤ እንደ ሰው ደረት ይመታል። ሳሎኑ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ያጣሁት ቤዝ እዚህ ነው ያለው።

እዚያው ቆሜ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። እናቴ ቤት ተኝተን ሌሊት ማኅሌት ሲቆም ዜማው አይደርሰንም ነበር፤ የከበሮው ሰፊ ፊት ግን ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ጠባቡ ፊት አይሰማም፣ ሰፊው ይሰማል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያወቅኩት በሥራዬ ላይ አላሰብኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክፍሉ ርዝመት 5 ሜትር፣ የ34 ኸርዝ ሞገድ 10 ሜትር፤ ክፍሉ ልክ የሞገዱ ግማሽ ነው። ድምፁ ከፊትና ከኋላ ግድግዳ እየተመለሰ በራሱ ላይ ሲደረብ ግድግዳዎቹ ጋ ይበረታል፣ መሀል ላይ ደግሞ ይጠፋል። ሶፋው መሀል ላይ ነበር። እኔ ጌን በጨመርኩ ቁጥር መሀሉ ያው ባዶ ነው፤ የሚጨምረው ግድግዳው ጋ ያለው ነው። ደንበኛዬ አጣሁ ያለውን ቤዝ ሁሉ የጫንኩት አራስ ያለችበት ግድግዳ ላይ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ፈቃዳቸውን ጠይቄ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ስፖንጁን አነሣን። መጀመሪያ ሶፋውን ከመሀል አውጥተን ወደ ኋላ ወሰድነው፤ ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ተኩል በላይ ራቅ ብሎ ቆመ። ግድግዳው ላይ ማስጠጋትም አይሆንም፤ እዚያ ደግሞ ቤዙ ከልኩ በላይ ያብጣል። ቀጥሎ ሳብውፈሩን አንሥተን ሰው የሚቀመጥበት ሶፋው ላይ ጫንነው። አንድ ወፍራም ድምፅ በዝግታ እንዲደጋግም አድርጌ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን ሳብውፈሩ ሊቀመጥበት በሚችለው ከፍታ ይዤ ክፍሉን ዞርኩ። አንዱ ጋ ያጉረመርማል፣ አንድ እርምጃ አልፎ ይጠፋል። ከፊት በግራ በኩል፣ ከማዕዘኑ 1 ሜትር ያህል ገባ ብሎ ያለው ቦታ ላይ ጥርት ብሎ፣ ሳይበዛ ሳያንስ ተሰማኝ። ሶፋው ላይ ሆኖ እዚህ ጥሩ ከተሰማ፣ እዚህ ሆኖም ሶፋው ላይ ጥሩ ይሰማል። ሳብውፈሩን እዚያ አወረድነው፤ ሶኬቱን በገመድ አስረዘምኩ።

ፊልሙን ስንከፍት ጌኑ ከሲሶ በታች ነበር። ደንበኛዬ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ይሄ ሁሉ ሳይጨምር?» አለ።

ሱቅ የሚሄድ ሰው ዋት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ሻጩም ዋት ብቻ ነው የሚነግረው። 500 ዋት ወደ 1,000 ቢያድግ የሚገኘው ልዩነት በድምፅ መጠን መለኪያው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ «በዛ» ሊል ይችላል፣ «እጥፍ ሆነ» ግን አይልም። እጥፍ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ነው። እኛ ግን አንድ ሶፋና አንድ ሳብውፈር አንቀሳቅሰን፣ አንድ ብር ሳንጨምር፣ ደንበኛው የከፈለበትን ድምፅ አገኘ። ኃይለኛ ሳብውፈር መጥፎ አይደለም፤ እኔ ራሴ እወደዋለሁ። ዝቅ ባለ ጌን ሳይጨነቅ ሲሠራ ንጹሕ ይሆናል። ትልቅ ዕቃ የሚገዛው ለዚህ ነው።

ሁሉም ተፈታ አልልም። የብሎኬቱና የጭቃው ግድግዳ እስከተጣበቁ ድረስ የተወሰነው ያልፋል፤ በትክክል ለመለየት መሀሉ አየር ያለው ሁለተኛ ግድግዳ ማቆም ያሻል፤ ያ ደግሞ ሌላ ግንባታ ነው። ስለዚህ ከሳብውፈሩ ሥር ወፍራም ጎማ አደረግኩ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ተነጋግረው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሳብውፈሩ እንዲጠፋ ተስማሙ። ቤቱ ውስጥ ልጆች ስላሉ የጌኑ ቁልፍ የሚቆምበትን ቦታ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩበት።

ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ደንበኛ ቀጠሮ ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዕቃው አይደለም። ከግድግዳው ማዶ ማን አለ እላለሁ። ሰው ካለ፣ ገመድ ሳልፈታ ሄጄ አንኳኳለሁ፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ታማሚ፣ ስለ ሕፃን እጠይቃለሁ።

የእማማን ምርጊት ደንበኛዬ በራሱ ወጪ አሳደሰ። እኔም ቅዳሜና እሁድ ሄጄ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አብሬ ረገጥኩ። ግድግዳው እስኪደርቅ ሳብውፈሩ ተነቅሎ ቆየ። ከደረቀ በኋላ ባለው እሁድ ደንበኛዬ ሊከፍተው ሲል እኔ እማማ ቤት ተቀምጬ ረከቦቱን አያለሁ፤ እሳቸው ቡና እያፈሉ ናቸው። ሲኒዎቹ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ ዳር ላይ ያለችው ብቻ ጎረቤቷን አንዴ ነካች። እማማ አልሰሙም። ስልኬን አውጥቼ «ትንሽ ቀንስ» አልኩት።