ፓስፖርቱ ማን ጋ ይቀመጣል?

ዛሬ ለሳዑዲ ጉዞዬ አሻራ ሰጥቼ ስመለስ ዝናብ አገኘኝና፣ ቤት እንደገባሁ ከራሴ በፊት የፈተሽኩት የወረቀቶቹን ፌስታል ነበር። አንዱም አልረጠበም። ፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውን ውጤት፣ የሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን) ምስክር ወረቀት፣ የቅድመ ጉዞ ሥልጠናውን ማረጋገጫና የሁለት ዓመቱን የቤት ሠራተኝነት ውል አልጋው ላይ ደርድሬ ተቀመጥኩ። ደብተሩን የገለጥኩት ከትናንት ጀምሮ ስለተጫነኝ ድብርት ልጽፍ ነበር።

እህቴ ቡናውን አቅርባ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው። እርሷ ስትሄድ ከእነዚህ አንዱም አልነበራትም። ከጅቡቲዋ የወደብ ከተማ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግራ፣ ከዚያም ድንበሩን በእግር አቋርጣ፣ ሪያድ ውስጥ ሦስት ዓመት ያለ ኢቃማ፣ ማለትም ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ሠራች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ እርሷም የለበሰችውን ልብስ ብቻ ይዛ ቦሌ ወረደች። እኔ ያኔ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዚያው ዓመት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ታገደ፤ እስኪፈቀድም 2010 ደረሰ።

«ኢቃማሽን የሚያወጣው ማነው?» አለችኝ።

«አሠሪው ነው፣ እታለም።»

ዝም አለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራ ፈቃዱና የመኖሪያ ፈቃዱ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራና ለብቃት ማረጋገጫ የሚከፍለው ደግሞ ሠራተኛው ነው። ይህ በሥልጠናው ላይ ሲነገረን ሁላችንም እፎይ ብለን ነበር፤ ከእኛ መካከል ለፓስፖርቱ እንኳ የተበደረች አለችና። ነገር ግን በከፋላ፣ ማለትም በአሠሪ ዋስትና፣ ሥርዓት አሠሪው የሚያወጣልኝ ፈቃድ ከእርሱ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። ደመወዜን ቢከለክለኝና ከቤቱ ብወጣ፣ ጠፍታለች ብሎ ሲያመለክት ያ ሁሉ ወረቀት ዋጋ ያጣል፤ በሕጋዊ መንገድ የገባሁት እኔም በአንድ ሌሊት በእግሯ ከገባችው እህቴ እኩል እሆናለሁ። ሳዑዲ በ2021 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ መንገዱን ስታቀል እንኳ፣ የቤት ሠራተኞችን በማሻሻያው ውስጥ አላካተተችም።

አልቀርም። በአካውንቲንግ ዲፕሎማዬ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ አላገኘሁም፤ በውሉ ላይ የተጻፈው 1,000 ሪያል የእናቴን መድኃኒትና የቤት ኪራዩን ይሸፍናል። እህቴም ቅሪ አላለችኝም። የፓስፖርቱንና የውሉን ገጾች ሁሉ በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ ቀጥሎም የፓስፖርቱን ቁጥር በቃሌ እስክወጣው ድረስ ደጋግማ አስጠናችኝ።

«ፓስፖርትሽስ ማን ጋ ይቀመጣል?» አለችኝ በመጨረሻ።

ውሉን ገልጬ አሳየኋት፤ ፓስፖርቱ በሠራተኛዋ እጅ እንደሚቆይ በግልጽ ተጽፏል። እርሷ አንብባ ውሉን መለሰችልኝ፤ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። ይኸው እኩለ ሌሊት አልፎም አንድ ነገር አሳብ ሆኖብኛል፦ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ቤት በር ላይ ቆሞ፣ «ፓስፖርቱን ስጪኝ፣ ኢቃማ ላወጣልሽ ነው» ቢለኝ፣ ምን ብዬ ነው የምከለክለው?