ይቺን እንኳ ተያት

ዛሬ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም። መብራትም የለም። ከአክስቴ ቤት ስመለስ ጫማዬ ውሃ ጠግቦ ስለነበር በሻማ ቁጭ ብዬ የቆየ ጋዜጣ እየጨመደድኩ ውስጡ እጎሰጉሳለሁ። ከሰዓት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን ለራሴም መናገር አልፈለግኩም።

አንዱን ገጽ ልጨመድደው ስል ዓይኔ አረፈበት። በቀኝ በኩል የአንድ ድርጅት ባለሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አለ፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ፈገግ ብለዋል። በግራ በኩል ደግሞ ያው ድርጅት ከፍተኛ ትርፍ አስመዘገበ የሚል ዜና። ዜናው ውስጥ አንድም ጥያቄ የለም። ትርፉ ከየት መጣ? ያልተመለሰው ብድርስ ስንት ነው? የለም።

ያቺ የሬዲዮ ፕሮግራማችን ትዝ አለችኝ።

ያኔ ተባባሪ አዘጋጆች ነበርን። የማያውቅ ሰው ጣቢያው ደመወዝ የሚከፍለን ይመስለዋል። ከፋዮቹ እኛ ነን። የአየር ሰዓቱን ከጣቢያው እንገዛለን፣ ስፖንሰር ፈልገን ወጪውን እንሸፍናለን፣ የተረፈች ካለች እንካፈላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ቢዝነስ እናወራለን። ስፖንሰራችን አንድ ብቻ ነበር፤ በምሥረታ ላይ ያለ፣ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ። ስንገባ ስሙን እንጠራለን፣ ስንወጣም እንጠራለን፣ መሃል ላይ ማስታወቂያው ይገባል።

አንድ ቀን ከአደራጆቹ አንዱን ጋበዝነው። «ከሕዝብ ከምትሰበስቡት ገንዘብ ስንቱ ለማስታወቂያና ለኮሚሽን ይወጣል?» አልኩት። ዝም አለ። ቅጂው ላይ ያ ዝምታ ረጅም ነው፤ ውሃ ሲጎነጭና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ይሰማል። ከዚያ «እሱ በጠቅላላ ጉባኤ የሚገለጽ ነው» ብሎ ስለ ራዕያቸው ቀጠለ። ኤዲት ላይ አብሮኝ የሚያዘጋጀው ገ. የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ይቺን እንኳ ተያት» አለኝ። አልተቆጣም፣ አላስፈራራኝም። የወሩ የአየር ሰዓት ክፍያ ሐሙስ እንደሚደርስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ቆረጥኳት። 20 ሰከንድ ብትሆን ነው።

የሚያመኝ መቁረጤ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁንም ተውኩት። ማንም ሳይነግረኝ። ማስታወቂያ አስነጋሪ ብዙ ጊዜ ደውሎ «ይህን አትዘግቡ» አይልም፤ ማለትም አይጠበቅበትም። አድማጭ ደግሞ ያልተጠየቀ ጥያቄ መቅረቱን በምን ያውቃል? ውሸት ቢሆን አንድ ቀን ይያዛል። ዝምታን ማን ይይዘዋል?

እንግሊዝ አገር ፒተር ኦቦርን የሚባል ጋዜጠኛ በፈረንጆቹ 2015 ከዴይሊ ቴሌግራፍ ለቀቀ። የጋዜጣው ዋና የፖለቲካ ተንታኝ ነበር። የኤችኤስቢሲ ባንክ የስዊዘርላንድ ክንፍ ሀብታም ደንበኞቹ ከግብር እንዲያመልጡ ረድቷል የሚለው ዜና የሌሎቹን ፊት ገጽ ይዞ ሳለ፣ የእሱን ጋዜጣ ዘገባ ለማግኘት ማይክሮስኮፕ ያስፈልግ ነበር ብሎ ጻፈ። ባንኩ ቀደም ሲል በአንድ የምርመራ ሥራ የተነሳ ማስታወቂያውን ከጋዜጣው አንስቶ እንደነበርም አወጣ። አንባቢን ማጭበርበር ነው አለ። ጋዜጣው ክሱን አልተቀበለም። እኔ ያንን ሳነብ ለንደን ጭራሽ ትዝ አላለችኝም። የብርጭቆው ድምፅ ነው የመጣብኝ።

ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት፣ በፈረንጆቹ 1954፣ ጄኔራል ሞተርስም ከዎል ስትሪት ጆርናል ማስታወቂያውን አንስቶ ነበር። የጋዜጣው ጥፋት ገና ያልወጡትን የ1955 መኪኖች ንድፍ ማተሙ ነው። ጋዜጣው ፍንክች አላለም፤ በመጨረሻ የተመለሰው ኩባንያው ነው። አንዳንዴ በዚህ እጽናናለሁ። እነሱ ሌላ ብዙ አስነጋሪና ከፍሎ የሚገዛቸው አንባቢ ነበራቸው፣ እኛ አንድ ስፖንሰር፤ ያቺን ጥያቄ ብናስተላልፍ በወሩ ፕሮግራሟ አትኖርም ነበር እላለሁ። እውነት ነው። ግን ኦቦርንም እኮ የራሱ ጋዜጣ አልነበረውም። የነበረውን ሥራ ነው የለቀቀው።

አክስቴ ከዚያ ከስፖንሰራችን ኩባንያ የ10 ሺህ ብር አክሲዮን ገዝታለች። ኩባንያው እስከ ዛሬ አልተመሠረተም። ደረሰኙን ከዕድር ደብተሯ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ዛሬ ሁለተኛው ቡና ላይ አውጥታ አሳየችኝ። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

«አንቺ ትልልቆቹን ሰዎች ታውቂያለሽ፤ እስቲ ጠይቂልኝ የኔ ልጅ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ያኔ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሬዲዮኗን ከፍ አድርጋ፣ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ናት» እያለች ነበር የምትሰማኝ። አንድም ቀን ግን «አንቺ ፕሮግራም ላይ ሰምቼ ነው የገዛሁት» ብላኝ አታውቅም። ረስታው ይሆን? ወይስ እንዳይከፋኝ ብላ?