እንደ መስታወት የያዝኩት አክሪሊክ

አባቴ ከዋንዛ ያሠራው የመጽሐፍ መደርደሪያ አለኝ። ባለ ሦስት ደረጃ ነው። ከእሱ ቤት ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሳመጣው ላዩ ላይ የብርጭቆ ክብ ክብ ምልክት ነበረበት። እንጨቱ እየታየ ከውሃና ከጭረት የሚጠበቅበትን መንገድ ፈለግኩ። የጠረጴዛ ልብስ ይሸፍነዋል፣ መስታወት ደግሞ ይከብዳል። የእህቴ ልጅም ብዙ ጊዜ እኔ ጋ ነው የሚውለው፣ ስለ ስብርባሪ ማሰብ አልፈለግኩም። በመጨረሻ መስታወት የሚመስል ግልጽ ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ፣ ላይ ወሰንኩ።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ሙሉው ሉህ 122 በ244 ሴንቲ ነው። ለአንድ መደርደሪያ ያን ሁሉ መግዛት አያስፈልግም፤ ታፔላ የሚሠሩ ቤቶች ዘንድ ተራፊ ቁራጭ አይጠፋም። ፒያሳ አካባቢ አንዱ ቤት ገብቼ ባለ 5 ሚሊ፣ 80 በ30 ሴንቲ የሆነ ሦስት ቁራጭ አስቆረጥኩ። አንዱ ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። በዚሁ ልክ የተቆረጠ መስታወት 3 ኪሎ ነው። ሦስቱን በፌስታል ይዤ በሚኒባስ ተመለስኩ።

ከመውጣቴ በፊት የቆረጠልኝን ልጅ ሁለት ነገር ጠየቅኩት። እንዴት ላስረው? በምን ላጽዳው?

«እህቴ፣ መስታወት በይው፣ ግን አይሰበርም» አለኝ። «አራቱን ጥግ በስተሽ በብሎን ጥብቅ ማድረግ ነው። ስታጸጂው በአልኮል ወልውዪው፣ ያበራልሻል።»

ሁለቱንም አመንኩት። አሁን ይህን የምጽፈው በሁለቱ ምክሮች ምክንያት ነው።

የጎረቤት ድሪል ተውሼ ሦስቱንም ቁራጮች ከነእንጨቱ በሳሁ። በየደረጃው አራት፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ቀዳዳ። ቀዳዳው ልክ በብሎኑ ውፍረት ነበር። እንዳይነቃነቅ ብዬ በካቻቢቴ እስከ መጨረሻው አጠበቅኩት። መከላከያ ወረቀቱን ስልጥ የዋንዛው ቀለም ከሥሩ ወጣ። በጣም ነው ያማረው። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት።

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ሳጸዳ ላይኛውን ደረጃ በአልኮል ወለወልኩ። ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ቤታችን የማይጠፋው ያው የእጅ አልኮል ነው። ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ላስቀምጥ ስል ከአራቱም ቀዳዳዎች ዙሪያ ፀጉር የሚያካክሉ የሚያብለጨልጩ መስመሮች ወጥተዋል። በጥፍሬ ዳሰስኳቸው። ጥፍሬን አልያዘውም፤ ጭረት አይደለም፣ ውስጡ ነው የተሰነጠቀው። የተቆረጠው ጠርዝም እንደዚያው ሆኗል።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ይጫወት ነበር። ወጥተህበታል ብዬ ተቆጣሁት። አልወጣሁም አለ። አላመንኩትም። ለበዓል እናቱ ከገዛችለት ኳስ ጋር ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። ሰባት ዓመቱ ነው።

ማታ መካከለኛውን ደረጃ በዚያው አልኮል ጠረግኩ። አሁን ግን ዐይኔ እዚያው ነበር። ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከአንዱ ብሎን ሥር አንድ መስመር ብልጭ አለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ማንም አልነካውም። ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ወዲያው ረሳው፤ እኔ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ከበዓሉ በኋላ የተሰነጠቀውን ይዤ ፒያሳ ተመለስኩ። የቆረጠልኝ ልጅ አገላብጦ አየውና «ብሎኑን አጥብቀሽው ነው» አለኝ። አጥብቂ ያልከኝ አንተ ነህ አልኩት። አለቃው ከውስጥ ወጥቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አሳየኝ። ገንዘቤን አልጠየቅኩም። አልኮሉ ምን እንዳደረገው እንዲነግረኝ ነበር የፈለግኩት። ቀኑን ሙሉ ይህንን ነገር የሚቆርጥ ሰው ስለ ዕቃው የማያውቅ ከሆነ ያሳዝናል። አውቆ ዝም ካለ ደግሞ ይባስ። በጣም ተናድጄ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ራሴ ፈተንኩት። ከቁርጥራጩ ሁለት ቀጭን ዘንግ ነበረኝ። ሁለቱንም በትንሹ አጉብጬ በክር አሰርኳቸው። አንዱን በአልኮል፣ ሌላውን በሳሙና ውሃ አረጠብኩ። የአልኮሉ ተሰነጣጠቀ። የሳሙናው እስከ ማግሥቱ ምንም አልሆነ።

በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። አክሪሊክ ስሙ መስታወት ቢባልም ፕላስቲክ ነው። ሲበሳ፣ ሲጠብቅ፣ ሲጎብጥ ውስጡ ውጥረት ይቀራል። ሌዘር ሲቆርጠውም ጠርዙ ቀልጦ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ እዚያው ውጥረት ይቀመጣል። ውጥረቱ በዐይን አይታይም። አልኮል ሲነካው ግን ያ የተወጠረው ቦታ ይሰነጠቃል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም እንዲሁ ያበላሸዋል። ያ የሱቁ ልጅ በአልኮል ወልውዪው ሲለኝ ለመስታወት የሚሆነውን ምክር ነው የሰጠኝ።

የሙቀቱም ነገር አለ። አክሪሊክ ሲሞቅ ከመስታወት ሰባትና ስምንት እጥፍ ይለጠጣል። የእኔ መደርደሪያ መስኮት ሥር ነው፤ ጠዋት ይበርደዋል፣ ከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል። በ20 ዲግሪ ልዩነት 80 ሴንቲው ወደ 1 ሚሊ ይረዝማል። ብሎን ጥርቅም አድርጎ ሲይዘው መሄጃ የለውም። ልብሳት ካላችሁ ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ይበል፣ ብሎኑም ላላ ብሎ ይቀመጥ።

የእኔ ምክር ግን ጭራሽ አትብሱት ነው። ሻጮቹ ይንሸራተታል ይሏችኋል። አይንሸራተትም። የቁም ሳጥን በር ሲዘጋ እንዳይጮህ የሚለጠፉ ትንንሽ ግልጽ የሲሊከን ነጥቦች አሉ። እነሱን በየጥጉና መሐሉ ላይ ለጥፋችሁ አክሪሊኩን ከላይ አስቀምጡት። ከእንጨቱ ጋርም አይጣበቅም። ቫርኒሽ ባለው እንጨት ላይ ጥፍት ብሎ ሲቀመጥ ከሥሩ ውሃ የገባ የሚመስል ነጠብጣብ ያሳያል፤ ነጥቦቹ ይህንንም ያስቀራሉ።

ሁሉም ቦታ ሌዘር ያምራል ይሏችኋል። ጠርዙ ያበራል፣ እውነት ነው። እኔ ግን በተሰነጠቁት ምትክ ሁለተኛውን ዙር በመጋዝ ነው ያስቆረጥኩት። ጠርዙ ሻካራ ሆኖ ይመጣል። በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ 220፣ ከዚያ 400፣ መጨረሻ 800 ቁጥሩን በውሃ አርሼ ፈተግኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ደብዘዝ ያለ ነው፣ ግን እስካሁን አንድም ስንጥቅ የለውም። በዚህ እኮራለሁ።

አቧራ ይስባል፤ ሰፈራችን ደግሞ ግንባታ አያጣውም። በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉት ይጫራል፣ አቧራውንም የበለጠ ይስባል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃዋል። ከከሰል የወረደ ጀበና በፍጹም አታሳርፉበት። ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ጀበናው ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ማቶቱ ራሱ እዚያ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።

እንጨት ሳይኖር ባዶ የብረት ፍሬም ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ 5 ሚሊ አትሞክሩ። መጽሐፍ ሲበዛበት ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ ሲነሣለትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ወፈር ያለ ግዙ፣ በመሐልም ብረት ይግባለት።

ታችኛው ደረጃ አልኮል ስላልነካው ተርፏል። ብሎኖቹን ፈትቼ አወጣኋቸው። አሥራ ሁለቱ ቀዳዳዎች ግን ዋንዛው ላይ ቀርተዋል። ያን እንጨት የሠራው አናጺ ላዩን አንድ ምስማር አላስነካውም ነበር። አንድ አናጺ ከእንጨቱ ብናኝና ከኮላ በሠራው መሙያ ደፈነልኝ። ከሩቅ አይታይም። እኔ ግን መጽሐፍ ባነሣሁ ቁጥር ከአክሪሊኩ ሥር ጥቁር ጥቁር ሆነው አያቸዋለሁ።

የአልኮል ጠርሙሱን ከሳሎን አውጥቼ መታጠቢያ ቤት አስቀመጥኩት። ቤት የምታግዘኝ ልጅም እንግዳም እንዳይሳሳት ከየቁራጩ ጠርዝ ሥር ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ «በውሃና በሳሙና ብቻ»።