ሰውየው ይምጣ

ዛሬ በሰንዳፋ መንገድ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ድንበር ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። "ቀበሌ እንሂድ" አለ ወጣቱ። አዛውንቱ እጃቸውን አወናጨፉ። "ቀበሌ ምን ያደርግልሃል ልጄ? ሰውየው ይምጣ።"

መጣ። የመሬት ደላላ ነው። የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለለት። ከጃኬቱ ኪስ በላስቲክ የታሰረ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የማን ማሳ ለማን እንደተሸጠ፣ ስንት ካሬ፣ ስንት ቀብድ፣ እነማን እንደመሰከሩ በእስክሪብቶ ተጽፏል። እሱ ያነበበው ጸና። ጭቅጭቁም አበቃ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ግን ገበሬው ለልማት እነሳለሁ ብሎ ይሰጋል። ካሳው የሚሰላው በመሬቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን በላዩ ባለው ንብረትና በምርቱ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ይሸጣል። ኪራይ ያማረረው የከተማ ሰው ይገዛል። ውሉ ፍርድ ቤት አይቆምም፤ የሚያስከብረው ሰው ያስፈልገዋል። የደላላው ጉልበት ከዚህ ነው የሚመነጨው። ዳኛውም መዝገብ ቤቱም እሱ ነው። በሠርግ በለቅሶው የፊት ወንበር የእሱ ነው።

የወጣቱ ነገር አንጀቴን በላው። ያለ የሌለውን አሟጦ ጨረቃ ቤት፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት፣ ሠርቷል። ነገ ከደላላው ጋር ቢጣላ ማን ይመሰክርለታል?

መንግሥት ጨረቃ ቤቶችን ለማፍረስ ዶዘር ከመላኩ በፊት ለገበሬው የሚያኖር ካሳ፣ ለተከራዩ አቅሙን ያገናዘበ ቦታ ይሰጥ። ቤት በማፍረስ ደላላው አይጎዳም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ እሱ ወደሚቀጥለው ማሳ ይሄዳል።