የእማዬ ጉልበትና ጥሬው ወተት

እማዬ ጉልበቷን ያስቀየረችው እዚህ ሜሪላንድ ነው። ቁስሉ ቶሎ ሻረላት። ደረጃ መውጣት ጀመረች፣ አገር ቤትም ደርሳ መጣች። ከተመለሰች በኋላ ግን ጉልበቷ ያብጥ ጀመር። ማታ ላብ፣ ጠዋት ድካም። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ሐኪሙ ከጉልበቷ ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ላብራቶሪ ላከ። ምንም ጀርም አልበቀለም። በተቀየረ ጉልበት ላይ ኢንፌክሽን ሲመጣ በብዛት የሚገኙት ስታፊሎኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በጥቂት ቀን ይታያሉ። «ኢንፌክሽን ላይሆን ይችላል» ተባልን። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ቁጭ ብዬ በአንድ ገጽ ጻፍኩ፦ የት ሰነበተች፣ ምን በላች፣ ምን ጠጣች፣ ከየትኛው ከብት ጋር ዋለች፣ ትኩሳቱ መቼ ጀመራት። ስለ ወተቱ ስጠይቃት ተቆጣች።

«አሁን የታለበ ትኩስ ወተት ምን ይሆናል? ደግሞ ወተት ማንን ገደለ?»

አንዷን ላም አስወርዷት እንደነበር ግን ያወራችኝ ራሷ ናት።

የተላላፊ በሽታዎች ስፔሻሊስቷ ወረቀቱን አንብባ ሳትጨርስ ላብራቶሪ ደወለች። የጠረጠረችው ብሩሴላን ነው፤ ላሞችን የሚያስወርድ፣ በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ናሙናው ቶሎ ከተጣለ ያመልጣል። በትንፋሽም ስለሚገባ የላብራቶሪ ሠራተኞችን ይይዛል፤ አስቀድሞ ካልተነገራቸው አደጋ ነው። የደም ምርመራውም ካልቸሩም (ናሙናው ውስጥ ያለውን ጀርም አሳድጎ ማየት) ጥርጣሬዋን አረጋገጡ።

አንዳንዱ ታማሚ በጉልበቱ የተተካው ብረት ወጥቶለት ሌላ ይገባለታል። የእማዬ ስላልላላ በመድኃኒት ይሞከር ተባለ፦ ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን። ተራው ብሩሴሎሲስ (ብሩሴላ የሚያመጣው በሽታ) ቢያንስ 6 ሳምንት ይታከማል፤ ብረት ሲኖር ግን ወራት ይፈጃል። ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒትም ስለሆነ እማዬ «ጎረቤት እንዳይሰማ» አለችኝ። ሽንቷ ብርቱካናማ ሲሆንም ደነገጠች፤ መድኃኒቱ ነው፣ እንባንም ያቀልማል። የምትወስደውን ሁሉ ጠቅልዬ ለፋርማሲስቱ አሳየሁት። ሪፋምፒሲን እንደ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚወሰድ) ያሉ መድኃኒቶችን ያዳክማል፣ የካልሲየም ክኒን ደግሞ ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ አይዋጥም።

እብጠቱ ጎደለ፣ የማታው ላብም ተወት አደረጋት። ክትትሉ አላለቀም።

አገር ቤትም ደወልኩ። ከዚያው ወተት የጠጡት እንዲመረመሩ፣ ላሟንም የእንስሳት ሐኪም እንዲያያት ነገርኳቸው። አጎቴ ወገቡን ካመመው ቆይቷል አሉኝ። ለሐኪሙ ስለ ወተቱ ሳይነግር እንዳይወጣ አስጠንቅቄዋለሁ።